የመጽሐፍ ቅርጫ

ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ዘመድ ይጠይቃል፤ ዘመድ የሌለው ማደሪያ ይጠይቃል። እኔ ግን መጽሐፍ የሚሸጥበትን ቦታ ነበር የምጠይቀው። አብሬው የምሠራው የሎሪ ሾፌር ሱዳናዊ ነው፤ ገና ከመኪናው ሳልወርድ «ሂድ እንግዲህ፣ መክተባህን ፈልግ። ውሃ ቢጠማህም መጽሐፍ ጨምቀህ ጠጣ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መክተባ የሚሉት መጽሐፍ ቤቱን ነው። አልቀየመውም፤ እውነቱን ነዋ። እኔ ስለ አንድ ከተማ የማውቀው፣ መጽሐፍ ሻጩ ምስጥን እንዴት እንደሚከላከል ካየሁ በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን ከጎንደር ተነሥተው በመተማ በኩል ከወጡት አንዱ ነኝ። ታላቅ እኅቴ አብራኝ ነበረች። ገዳሪፍ ስንገባ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሁለታችንንም ሥራ ሰጠን። እሷ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጋዘን ግቢ ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች፤ እኔ መጀመሪያ አጫጅ ነበርኩ፣ በኋላ ሎሪው ላይ ወጥቼ ከገበያ ገበያ እየዞርኩ ጆንያ የማስመዝን ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልቆጠረችም። ግን ከእኔ ይልቅ መጽሐፍ የምትወደው እሷ ነበረች። እኔ ሳነብ እየዘለልኩ ነው፤ እሷ ስትሰማ አንድ ቃል አታስዘልልም።

ገዳሪፍ ገበያ መሐል ሐጂ የምንላቸው የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ነበራቸው። ፊት ለፊት ሳሙና፣ ስኳር፣ ክርና የፋኖስ ብርጭቆ ይሸጣሉ። ከመጋረጃው ኋላ ግን የአማርኛ መጽሐፍ ነበር። ስደተኛው ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ሲቸግረው ለሳቸው ያስረክባል፤ እሳቸውም ለሌላው ስደተኛ ይሸጡለታል። የገረመኝ አደራደራቸው ነው። መጽሐፎቹን የደረደሩት በመጡበት መንገድ ነበር። «ይሄ የመተማ ነው፣ ይሄ የሁመራ፣ ያኛው በከሰላ የገባ ነው» ይሉኛል፤ የማር ዓይነት እንደሚያስቀምስ ሰው። እውነትም ይለያያሉ። የሁመራዎቹ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታሉ። የመተማዎቹ ሽፋን የላቸውም፤ ኬላ ላይ ጥያቄ የሚያመጣው ሽፋኑ ነው እንጂ ውስጡን ገልጦ የሚያነብ ወታደር የለም በሚል እምነት ሁሉም ገንጥሎ ይጥለው ነበር። ስለዚህ ከመተማው ወገን የገዛሁትን መጽሐፍ ስሙን ሳላውቅ አንብቤ፣ ስሙን ሳላውቅ የምረሳው ብዙ ነው።

ይህ የምናገርለትም ስም የለሽ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት፣ መስቀል ሊደርስ ሲል፣ ሀዋታ ወደሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ልንሄድ አምስት ሰዎች ገዳሪፍ ላይ ተሰባሰብን። ሁላችንም የጎንደርና የመተማ ቆላ ሰዎች ነን። ወሬያችን ሥጋ ነበር። መስቀል ያለ ቅርጫ! ሱዳኖቹ እኛ ያረድነውን አይበሉ፣ እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላ፤ በሰው አገር ስደተኛ በሬ ጥሎ ሲያርድ ቢታይ ምን ነገር እንደሚያመጣ ማን ያውቃል? ያዋጣነው ገንዘብ እጃችን ላይ ቀረ። እኔ ለቀልድ «እንግዲያው በሐጂ ሱቅ አንድ ወፈር ያለ መጽሐፍ እንግዛና እሱን ቅርጫ እንግባ» አልኩ።

ሌሎቹ ሳቁ። አንድ ሰው ግን አልሳቁም። ከመካከላችን ትልቁ፣ ከመተማ ቆላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በመንደራቸው የቅርጫ ሥጋ የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው የመደቡት ቀን ማንም አጉረምርሞ አያውቅም ይባላል። ፊደል አያውቁም። «ለምን አይሆንም?» አሉ። «ሥጋ ተበልቶ ያልቃል፤ ይሄስ ተበልቶም አያልቅም።»

እንዲህ ሆኖ በሬ ማረድ ባልቻልንበት አገር መጽሐፍ አረድን።

እኔ በምዕራፍ በምዕራፉ ይቆረጥ ብዬ ነበር። ሽማግሌው መጽሐፉን በመዳፋቸው ላይ መዘን አደረጉና «ይኸኛው ቀጭን፣ ያኛው ወፍራም ሊሆን? ሰው ልታጣላ ነው?» አሉኝ። ምዕራፍ ቢሉት፣ ዐረፍተ ነገር ቢሉት እሳቸውን አይመለከታቸውም። ቢላዋቸውን በጥፍራቸው ፈተሹ፤ ጀርባውን እየሰነጠቁ እኩል በእኩል አምስት መደብ አወጡ። ዐረፍተ ነገር መሐል ለመሐል ተቆረጠ፤ አንዱ መደብ በግሥ ይጀምራል፣ አንዱ ሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት ያልቃል። ከዚያ እንደ ደንቡ እያንዳንዳችን ምልክት ሰጠን፣ እኔ የክብሪት እንጨት፣ ሌላው ቁልፍ፣ ሌላው ቅጠል። ዕጣውን የሚጥል የማያውቀን ሰው መሆን ስላለበት በመንገድ የሚያልፍ አንድ ጀላቢያ የለበሰ ሱዳናዊ ጠራን። ሰውየው ምን እያስደረግነው እንደሆነ ሳይገባው፣ ቅጠልና ቁልፍ በወረቀት ላይ እየጣለ፣ ያበድን መስሎት በፍጥነት ሄደ።

የመጀመሪያው መደብ ለእኔ ደረሰኝ። የመጨረሻው ለሽማግሌው። ተራ በተራ እየተለዋወጥን እንጨርሰዋለን ብለን ነበር፤ ግን እርሻው እንደገባን በየትራክተሩ በትነው ወሰዱን። አዝመራው ሲያልቅም ሁሉም የየራሱን መደብ በየጓዙ ከትቶ በየአቅጣጫው ሄደ። ጥፋቱ የማንም አይደለም። የቅርጫ ሥጋ ዕጣ ከወጣበት በኋላ የቤትህ ነው፤ አምጣ መልስ የሚልህ የለም። መጽሐፍ እንደ ሥጋ እንደማይሆን አንዳችንም አላሰብነውም።

ገዳሪፍ ተመልሼ የእኔን መደብ ለእኅቴ አነበብኩላት። ታሪኩ የአንድ ነጋዴ ሚስት ታሪክ ነው። ባሏ በቅሎዎቹን ጭኖ ለጨው ወደ ቆላ ይወርዳል፣ እሷ ትጠብቀዋለች። የኔ መደብ የሚያልቀው «በቅሎውን ከፈታ በኋላ ዞር ብሎ አያትና» የሚለው ላይ ነበር። እኅቴ ወንፊቷን አስቀምጣ «አያትና ምን?» አለችኝ። ምን እንዳለ አላውቅም። ሁለተኛው መደብ የደረሰው ልጅ ሰፈራችን ስለነበር በማግስቱ ተውሼ አነበብኩላት። ሦስተኛው ግን ከገዳሪፍ ውጭ ነበር።

አሁን ስለ እኅቴ መናገር አለብኝ። ባሏን ለዘመቻ ወሰዱት፤ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆነው። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም። ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የቀበረውም አልመጣ፣ ያየውም አልመጣ። መርዶ ያልመጣላት ሴት ለቅሶ መቀመጥ አትችልም። ጥቁር መልበስ አትችልም፣ ጥቁር ማውለቅም አትችልም። እንዲሁ እንዳለች ገዳሪፍ ላይ አንድ ሰው ወደዳት። የሎሪ ሞተር የሚጠግን የአገራችን ሰው ነው፤ እጁ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ሳቁ ለዛ አለው። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ ሁለት ነበሩ፤ ተቀመጡ፣ ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ እኅቴም አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ምን ብትላቸው ጥሩ ነው?

«መጽሐፉ ይለቅና እነግራችኋለሁ።»

ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ወደኔ ዞሮ «የምን መጽሐፍ?» አለ። እኔ ለማስረዳት ሞከርኩ፣ የባሰ አደናገርኳቸው። እስከ ፋሲካ እንጠብቃለን ብለው ወጡ። እነሱ ከሄዱ በኋላ «አንቺ ሴት፣ ምን ማለትሽ ነው?» ብላት፣ «መጽሐፍ ገላጭ ጋ ሄደው ዕጣቸውን የሚያስገልጡ የሉም? እኔም መጽሐፌን አስገልጣለሁ። የመጽሐፉ ሰውዬ ከተመለሰ ባሌን እጠብቃለሁ፤ ካልተመለሰ እሺ እላለሁ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ዓይኗን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። የእኅቴ ዕድሜ የቅርጫው ሽማግሌ በቢላዋ በቆረጡት ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በየከተማው መጽሐፍ ቤት መፈለጌ ጠባይ ብቻ አልነበረም።

ሀዋታ ላይ ያገኘሁት መክተባ ጣሪያ የለውም። ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ መምህር ከኒም ዛፍ እስከ ቤታቸው ግድግዳ ገመድ ወጥረው መጽሐፎቻቸውን እንደ ታጠበ ልብስ በማስጫ ቆንጣጭ ሰቅለዋቸዋል። መሬት ላይ ምስጥ አለ፣ መደርደሪያ ላይ ጊንጥ ይገባል፤ ገመድ ላይ የሚወጣ የለም አሉኝ። የሚከፍቱት ወደ ማምሻው፣ ከዐሱር ሰላት በኋላ ነው። ገዢ የሆነ ሁሉ መጀመሪያ የጠፍር አልጋው ላይ ተቀምጦ አንድ ገጽ ማንበብ አለበት፤ ሳያነብ የሚገዛ ሰው ሲያጋጥማቸው አይሸጡለትም። ነፋስ ሲመጣ መጽሐፎቹ በሙሉ አንድ ላይ ይርገፈገፋሉ። ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

በተሰባበረ ዐረብኛዬ የሐበሻ ኪታብ አለ ወይ ስላቸው ገመዱን ተከትለው ወሰዱኝ። በትምህርት ቤት መጻሕፍት መሐል ሦስተኛው መደብ ተሰቅሏል። አንድ አጫጅ ለመጠቅለያ ይሁንዎት ብሎ ጥሎላቸው ሄደ። ፉል ሻጩ ጎረቤታቸው ለምኗቸው ነበር፣ አልሰጡም።

«ጽሑፍ ነው» አሉኝ። «እኔ አላነበውም። የሚያነበው ሰው እንዳለ ግን አውቃለሁ።»

«ኸላስ፣ በቃ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አልጋው ላይ አስቀመጡኝና ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። ደንብ ደንብ ነው። አነበብኩ። ፉል ሻጩም መጣ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤትም መጣ፤ አንድ ቃል የማይገባቸው ሰዎች ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ መምህሩ «ምን ይላል?» አሉኝ። ባሏ በመንገደኛ እጅ አንድ አሞሌ ጨው ላከላት፣ በሕይወት አለሁ ማለቱ ነው አልኳቸው።

«ደረሰላት?»

«ደረሰላት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ፉል ሻጩም «አልሐምዱሊላህ» አለ። ምንም አላስከፈሉኝም፤ አንድ ትንሽ የዐረብኛ መጽሐፍ ግን እንድገዛ አደረጉኝ።

ይህን መደብ ለእኅቴ ሳነብላት አሞሌው የመጣበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ነገሩ ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

አራተኛውን ፋው ላይ አገኘሁት። ፋው የመስኖ እርሻ ከተማ ነው፤ የጥጥ ጭነት ሲያገኝ ሾፌሩ ወደዚያ ይነዳል። ገበያው ዳር አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አለ፤ ባትሪና ሽቦ መሐል መጽሐፍ ይሸጣል። መጽሐፎቹ የት እንዳሉ ስጠይቀው ኩራት ባለው አኳኋን ተነሥቶ ማቀዝቀዣ ከፈተልኝ። ማቀዝቀዣው ከሞተ ቆይቷል፤ በሩ ግን ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። አቧራ አይገባ፣ ምስጥ አይገባ። እንቁላል ማስቀመጫው ላይ ትንንሽ የጸሎት መጻሕፍት ደርድሯል፣ አትክልት መሳቢያው ውስጥ ጋዜጣ አለ። ዓይኔን ሳነሣ የእኛ መጽሐፍ አራተኛ መደብ ላይኛው ክፍል፣ ሥጋ የሚቀመጥበት ውስጥ ተጋድሟል።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለቅርጫ የተመደበ ነገር መጨረሻው ሥጋ ማስቀመጫ! ሰውየው ንብረቱ ላይ የሳቅኩ መስሎት ተቀየመ፤ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋብኝ። የቅርጫውን ነገር ከሥሩ እስካስረዳው ድረስ አልከፈተልኝም። ሲገባው ግን ከእኔ ብሶ ሳቀ፤ ጎረቤት ሁሉ እየጠራ በእጁ መጽሐፍ ሲያርድ አሳያቸው። ከአንድ የአገራችን ሰው በባትሪ ለውጦ ነው ያገኘው። እኔም ከሀዋታ የገዛሁትን የዐረብኛ መጽሐፍ ሰጥቼ ለወጥኩት። ባዶ በቀረው ሥጋ ማስቀመጫ ውስጥ የሀዋታውን መጽሐፍ አስገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋው።

በዚህ መደብ ውስጥ ባልየው የወገቡን ድግ ነጋዴዎች አስይዞ ይልክላታል። እኅቴ ይህንንም አስደገመችኝ። መጨረሻው «ውሻው ጮኸ፤ እሷም ተነሥታ በሩን» የሚል ነበር። ሁለታችንም ተያየን። አምስተኛው የሽማግሌው ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ጋላባት እንዳሉ ሰምቻለሁ። ፋሲካ ቀርቧል፤ ዝናቡ ከጀመረ ደግሞ ያ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሎሪ አያሳልፍም። ሾፌሩን ለመንኩት፣ አሾፈብኝ፣ ጭነት ፈልጎ ወሰደኝ።

ጋላባት ትንሽ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ መተማ ይታያል፤ ወታደሩም ባንዲራውም ይታያል። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ጀርባዬን ማን እንደሚያየኝ እያሰብኩ ነው የምራመደው። መጽሐፍ ቤት ስጠይቅ ሰዎች የጠቆሙኝ ወደ አንድ የጨርቅ ሱቅ ነው። ባለሱቁ የአገራችን ሙስሊም ነጋዴ ነው። በሩ አጠገብ ሽማግሌዬ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሱቁ ዘበኛ ሆነዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ጥጉ ተበስቶ በሲባጎ የተንጠለጠለው አምስተኛው መደብ ነው። ከዚያ አንድ መጽሐፍ በቀር ሌላ መጽሐፍ የለም። እንዲያውም ሙሉ መጽሐፍም አይደለም። ግን በዞርኩባቸው አገሮች ሁሉ እንደዚያ ደንበኛ የሞላው መጽሐፍ ቤት አላየሁም። ሎሪ የሚጠብቅ መንገደኛ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፤ ባለሱቁ ጨርቅ ሳይለካ ሲቀር አውርዶ ያነብላቸዋል።

ሽማግሌው አቅፈው ሳሙኝ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ከለከሉኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እንኳን እግዜር አመጣህ፤ ይሄን ሰው የሚያሸማግል ጠፍቶ ነበር።»

ለካ የጋላባት ሰው መጨረሻውን ያውቃል፣ መጀመሪያውን አያውቅም። ሰውየው ለምን ከቤቱ እንደወጣ ክርክር ነው። አንዱ ሰው ገድሎ ነው የሸፈተው ይላል። አንዱ ከአማቱ ጋር ተጣልቶ ነው ይላል። ባለሱቁ ራሱ ሌላ ሴት ወድዶ ነው ብሎ ይምላል። እየተከራከሩ ሎሪ ያመለጠው ሰው አለ። የመጀመሪያው መደብ ከእኔ ጋር እንዳለ ሲሰሙ ከበቡኝ። የማወቅ ፍላጎት እንደዚያ በሰው ፊት ላይ ሲነድ አይቼ አላውቅም፤ ደስም አለኝ፣ ትንሽም ኮራሁ።

«ጨው ሊያመጣ ነው የወጣው» አልኳቸው።



«ጨው ብቻ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጨው ብቻ።»

«እህ!» አለ ባለሱቁ፣ ጨርቁን እያጠፈ። «የኛው ይሻል ነበር።»

ሰው ሲበታተን ለሽማግሌው የእኅቴን ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ከሰመ። ቀና ብለው ምስማሩን አዩና «ሰውየውኮ ይመለሳል» አሉኝ።

«እንግዲያው አልወስድም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ያ መካኒክ ጥሩ ሰው ነው፤ እኅቴ በአንድ ወረቀት ምክንያት ዕድሜዋን ሙሉ በር በሩን ስታይ ልትኖር ነው። አልተገኘም ብላት ምን ይጎድላል? ሽማግሌው ግን ተነሥተው መደቡን ከምስማሩ አወረዱት።

«እኔ ሥጋ ስመድብ ኖሬያለሁ» አሉ። «ላንዱ አጥንት ይበዛበታል፣ ላንዱ ስብ። አዝኜ ካንዱ ቀንሼ ላንዱ ጨምሬ አላውቅም። የእኅትህንም መደብ አንተ አትቀንስባትም። ውሰድና አንብብላት።»

እኔም የመጀመሪያውን መደብ ይዤው ነበርና ለሳቸው ሰጠሁ። ስመለስ ባለሱቁ ጮክ ብሎ ሲያነበው፣ ሽማግሌው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሲሰሙ ተውኳቸው።

ገዳሪፍ በተመለስኩበት እሑድ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ግቢው ውስጥ ተቀመጠች። ሥራ የለም፤ ወንፊቱን ግን አቅፋዋለች። አነበብኩላት።  ሴትየዋ በሩን ከፈተች፣ ውሻው ዝም አለ፣ ሰውየው በር ላይ ቆሟል። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ በቅሎዎቹ አልቀዋል፣ ግን እሱ ነው። ጨረስኩና ወረቀቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ተመለሰ። እንግዲህ ትጠብቃለች።

«አሞሌ ልኳል» አለች እኅቴ ቀስ ብላ። «ድጉን ልኳል። የሚመለስ ሰው እንዲህ ነው። ቃል ይልካል።»

«እታለም» አልኳት።

«ከኛ ቀዬ በመተማ ስንት ሰው ገባ? አንተም አይተሃል። ሁሉንም ጠይቄያለሁ። እሱ የማይልክ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ክርም ቢሆን ይልክልኝ ነበር።»

ከዚያ ወንፊቱን ወደ ጎን አደረገችና አለቀሰች። ከአገር ከወጣን እንዲያ ስታለቅስ አላየሁም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ደረቷን እየመታች ባሏን በስሙ ጠራችው፤ በመጨረሻም ለቅሶ ተቀመጠች። ሰሊጥ አበጣሪዎቹ ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ። መርዶ ነጋሪው ማነው ብለው አልጠየቁም፤ አጠገቧ ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አማቼን እወደው ነበር።

ሲመሽ፣ ፊቷን ከታጠበች በኋላ፣ «አርባውን ላውጣ» አለችኝ። «ለሽማግሎቹ ንገራቸው፤ መጽሐፉ አልቋል በላቸው።»

ፋሲካ ሳይደርስ ሄድኩላቸው። መጽሐፉ አልቋል አልኳቸው። ሁለቱም ቀና አሉ።

«እንዴት አለቀ?» አለኝ ትልቁ።

«ሰውየው ተመለሰ።»

አንገቱን ነቀነቀ፣ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ፣ ነጠላውን አስተካከለ። «ይሁን፣ እግዜር ያክብርልን። ልጁን እኛ እናጽናናዋለን» አለኝ።

«ኧረ ይቀመጡ» አልኳቸው። «እሺ ብላለች።»